ለኋላ የሚሆን

ቅዳሜ ነው፤ ቦልዛኖ፣ ከታልቬራ ወንዝ ዳር፣
ኤርቪን ጋራዥ ቆሜ ከሞተሬ ጋር፣
ያገለገለ ሣጥን፣ ጠርዙ የቆሸሸ፣
ቀለሙ ከሞተሬ ጭራሽ የሸሸ፤
እሷ የወይን ጠጅ ናት፣ እሱ ግን አመድማ፤
ለዓይን ባይጣጣሙ፣ መንገዱ ያስማማ።

«ምን ልትጭንበት ነው?» አለኝ ኤርቪን በሳቅ፣
«ወጥ ቤቱን በሙሉ?» ይህ ሰው ምኑን ያውቅ!
ዕቃማ ምን አለኝ? ዝናብ ልብስ፣ አንድ ፎጣ፤
የሣጥኑ ነገር በዕቃ አልመጣ።
እኔ የፈለግኩት ከፊቱ ያለውን መከዳ፣
ወገብ የሚደግፍ፣ ጀርባን የማይከዳ።

ትርንጎን ዓምና በጥር ሐኪሞች ከፈቷት፤
አራት ብሎን አስረው መልሰው ሰፏት።
ከዚያ ወዲህ ኋላዬ ወንበሩ ባዶ ነው፤
ወደ ሜንዶላ ስወጣ፣ በየኩርባው፣
ወገቤን የሚይዘው ነፋሱ ብቻ ነው።
«ሂድ እንጂ፣ ደርሰህ ና» ትለኛለች ከበር፤
እወጣለሁ፤ ግና ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስመለስ ነበር።

የሣጥኑ ወለል አራት ቀዳዳ አለው፤
የሞተሬም ብረት አራት ቀዳዳ አለው፤
አራቱና አራቱ አይተዋወቁም፤
ሁለት ጣት ተራርቀው ዓይን ለዓይን አይጠጉም።
ሠሪው ለሌላ ፈረስ ያበጀውን ኮርቻ
ለኔዋ በቅሎ ልጭን፣ በገመትኩት ብቻ።
«የቸኮለች» አልኩኝ «አፍሳ ለቀመች»፤
ይህን ስል ከእጄ ላይ አንዷ ዳዶ አመለጠች፣
ተንከባላ ሄዳ ከፍሳሹ ገባች።

ኦርኔላ ሱቅ ሄድኩኝ፤ ጣልያንኛው ሲጠፋኝ፣
ደሴ ጋራዥ ሳለሁ ያወቅኩት አፍ ሰጠኝ፤
«ዳዶ» አልኳት፣ «ሮንዴላ»፣ «ካቻቢቴ» ጨመርኩ፤
ሁሉን ደረደረች፤ ሳላፍር ኮራሁ፣ ሳልኮራ አፈርኩ።
ተውሰን የወሰድነው ያ ሁሉ የጋራዥ ቃል
ለካ ባለቤቱ ዘንድ በኪሎ ይሸጣል።

ወረቀት ዘርግተን፣ በእርሳስ ነጥበን፣
ኤርቪን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ትንፋሹን ሲውጥልን፣
መሰርሰሪያው ጮኸ። ሣጥኑን ወጋሁት።
ጥቁር የላስቲክ ጭራ ሲጠመዘዝ አየሁት።
እጄ እንዲህ የራደ ለላስቲክ ከሆነ፣
ያ ሐኪም ለሷ ገላ እንደምን ጨከነ?

ጎማ፣ ሮንዴላ፣ ብረት፤ በላዩ ላይ ጎማ፤
ቁልፉን ስዞረው ዳዶው ሲያቃስት ተሰማ።
«በቃ!» አለኝ ኤርቪን፤ «ካለፈ ይነቃል፤
ብሎን ከልክ ሲያልፍ ላስቲክ ይሰነጥቃል።»

የፍሬን መብራቱ ቀረ። ሽቦውን አሰርን።
ትርንጎ ከበረንዳ ወርዳ ከኋላ ቆመችልን።
«አላበራም» አለች። ደግሜ ነካሁት።
«አበራ! አበራ!» ጮኸች፤ ደንግጬ ለቀቅኩት።
ኤርቪን ዞር ዞር አለ፤ አየ ደጁን፣ መንገዱን፤
«ማነው ይሄ አበራ? እንግዳ አለን?» ሲል ጠየቀን።
ሳቋ ወገቧን ያዛት፤ እንደያዛት ሳቀች፤
«የኔዎቹንስ ብሎኖች በስንት አጠበቋቸው?» ብላ ጠየቀች።

ኋላ የሚለው ቃል በኛ ሁለት ፊት አለው፤
ከጀርባዬ ያለውን ነው? ገና ሊመጣ ያለውን ነው?
ኤርቪን ቢጠይቀኝ ምን ብዬ እተረጉማለሁ፤
ሣጥን ኋላ አሰርኩ፤ ለኋላ አሰርኩ እላለሁ።

እግሯ አልነሣ ቢላት፣ ኤርቪን የቢራ ሣጥን
ገልብጦ አኖረላት፤ ረግጣው ወጣችልን።
መከዳውን ነካችው፤ በክርኗ፣ ከዚያ በጀርባዋ፤
ዝም አለች። ዝም አልኩ። ተሰማኝ ትንፋሿ።
«ወደ ግራ ያዘነብላል» አለች።

ያዘነብላል፤ አውቃለሁ። አንድ ሮንዴላም ተርፋ
ኪሴ ውስጥ ትንቃጨላለች፤ ከየት ይሆን የጠፋ?
ነገ እፈታዋለሁ። ዛሬ ግን ተነሣን፤
በዝግታ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ የወይኑን ማሳ አለፍን።

ሦስተኛው ኩርባ መጣ፤ አለፍነው፤ አራተኛውንም አለፍነው።
መስታወት አላየሁም።
ኋላዬ ያለውን
በክብደቱ ነው የማውቀው።